ሚስ ግራንቪል እምቢ ያለችበት ዓመት

አዮኒ ግራንቪል እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ውስጥ እኔ በምሠራበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሰፈር ነው። ከሠራተኞቹ መካከል ጥቁር እሷና እኔ ብቻ ነን። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ ሳጥብ ስለምውል ማንም አያስታውሰኝም። ስለዚህ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቱ የሚያከብረው የጥቁሮች ታሪክ ወር ዝግጅት የሷ ሥራ ነበር። ፖስተር ትለጥፋለች፣ ልጆች ታስጠናለች፣ አዳራሽ ቆማ ትናገራለች። የሒሳብ ደብተሩን የምታርመው ቤቷ ወስዳ ነው።

ባለፈው ሴፕቴምበር የታሪክ ክፍል ኃላፊው ሚስተር ፕሮሰር ሻይ ወደምንጠጣበት ክፍል ፈገግ ብሎ ገባ።

«አዮኒ፣ የዘንድሮውም ያው ያንቺ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

የምትቀልድ መስሎት ሳቀ።

«የምሬን ነው። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። እዚህ ቤት ታሪክ የሚያስተምረው ማነው?»

«እሱማ እኔ ነኝ። ግን እኔ ነጩ ቆሜ ስለ ጥቁር ታሪክ ባወራ ልጆቹ መሳቂያ አያደርጉኝም?»

«ስለ ሮማውያን ስታስተምር ሮማዊ ነህ እንዴ?»

ሻዬ ትን አለኝ። ፕሮሰር ፊቱ ቀልቶ ወጣ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አበዛሁት እንዴ?» አለችኝ።

«ዘገየሽ እንጂ» አልኳት።

ፕሮሰር ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ወሰደ። የመጀመሪያው ትምህርት ግን አልሰመረለትም። ስለ ታዋቂ አሜሪካውያን እያወራ ሳለ ኬዚያ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሰምተነዋል። እዚሁ እኛ ከተማ ምንም አልተደረገም?»

«ከስልሳ ዓመት በፊት የተደረገው የአውቶቡስ አድማ አለ» አለ ፕሮሰር፤ ከዚያ በላይ ብዙ አያውቅም ነበር።

«እኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት ወይዘሮ ፒኖክ ያኔ ነበሩበት። ለምን እሳቸውን አንጠይቅም?»

በማግስቱ ፕሮሰር ኬዚያን አስከትሎ ቤታቸው ሄደና መጥተው እንዲናገሩ ለመናቸው።

ወይዘሮ ዩላሊ ፒኖክ ሰማንያ ካለፉ ቆይተዋል። በወሩ መጨረሻ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አዮኒ ከኋላ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። እግሯን የት እንደምታደርግ የጠፋት ሰው ትመስላለች።

«የአውቶቡስ ኩባንያው ሰዎች ጥቁር ሾፌርም ቲኬት ቆራጭም አንቀጥርም አሉ» ብለው ጀመሩ። «እኛም እንግዲያው አንሳፈርም አልን። እኔ ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ጠዋት በእግር፣ ማታ በእግር። አራት ወር! ጀግንነት ምናምን እንዳትሉኝ፤ እኔ የማስታውሰው ጫማዬን ነው።»

«አልፈሩም ነበር?» አለች ኬዚያ።

«ዝናቡን ነው የፈራሁት። አብሮን የሚሄድ አንድ ረጅም ልጅ ጃንጥላ ነበረው። ኋላ አገባሁት።»

ልጆቹ ጮኹ፣ አፏጩ። ፕሮሰር ዝም ሊያሰኛቸው ተነሳና ራሱም ስለሳቀ መልሶ ተቀመጠ።

«ኦገስት ላይ ተሸነፉ» አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጥቂት ቆይቶ አንድ የአገሬ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ዩኒፎርም ለብሶ ቲኬት ሲቆርጥ አየሁ።»

ያኔ አጠገቤ እጅ ወጣ። የአዮኒ ነበር።

«ምን አሉት?»

«ምንም። መውረጃዬ አለፈ፣ እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መጨረሻው ድረስ እሱን እያየሁ ሄድኩ። ሥራ አረፈድኩ፣ አለቃዬም እንደ ጉድ ሰደበችኝ።» ትንሽ አሰቡ። «ስድቧ ግን አልተሰማኝም።»

አዮኒ እንደ ልጆቹ ሳቀች። ከዚያ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም ወደ መድረኩ ዞርኩ።

«አሥራ አንድ ዓመት እዚያ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ» አለችኝ ስንወጣ። «አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ ሰምቼ አላውቅም።»

ፕሮሰር በር ላይ ጠበቃት። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«እንዴት ነበር?»

«ማይክሮፎኑ ይጮኻል። ለሚቀጥለው ዓመት አሠራው» አለችውና ወደ ሒሳብ ክፍሏ ሄደች።