የጓዴ ግራ እግር

አባቷ በእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ የአናቶሚ ክፍል ሃያ ዓመት ሠርቷል። በድን በፎርማሊን ማቆየት፣ አጥንት ቀቅሎ ማንጣት፣ በሽቦ አያይዞ ማቆም ከእሱ በላይ የሚያውቅበት አልነበረም። ልጁ እዚያው ኮሌጅ ስትመደብለት ደስታውን መደበቅ አቅቶት ነጭ ጋዋኗን በገዛ እጁ ተኩሶ ሰጣት።

በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ የውሻ አጽም የቆመበትን ጠረጴዛ እየገፋ ገባ።

"የክፍላችን ኩራት ይሄ ነው" አለ። "የግራ ጭኑን አጥንት እዩት። ተሰብሮ ማንም ሳያክመው የገጠመ ነው።"

ልጅቷ ጠጋ ብላ ወልገድ ብሎ የገጠመውን አጥንት በጣቷ ዳሰሰችው። ይህን ስብራት ታውቀዋለች። አሥር ዓመቷ ሳለ መኪና የገጨውን ቡችላ እግሩን በካርቶንና በሻርፗ አስራ፣ ሁለት ወር አልጋዋ ሥር ያስታመመችው እሷ ነበረች። ስሙን ጓዴ አለችው። አሥራ አራት ሲሞላት ለእረፍት አክስቷ ቤት ሰንብታ ስትመለስ ጓዴ የለም። "ድንገት ታሞ ሞተብን፤ ጓሮ ቀበርኩት" አላት አባቷ። አዲስ የተቆፈረ አፈርም አሳያት። እሷም እዚያ አፈር ላይ አበባ ተክላ እስካሁን ውሃ ታጠጣ ነበር።

ከአጽሙ ሥር የተንጠለጠለችውን ካርድ ገለበጠች። ጽሕፈቱ የአባቷ ነው። "ወንድ። አራት ዓመት ተኩል። ጤናማ።"

ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ አባቷ ወደሚሠራበት ምድር ቤት ወረደች። አባቷ ማሰሮ የሚያክል ብልቃጥ እያጠበ ነበር።

"አባዬ፣ ጓዴ ምን ሆኖ ነው የሞተው?"

"ነገርኩሽ እኮ። ታሞ ነው።"

"ካርዱ ጤናማ ነው ይላል።"

ብልቃጡን አስቀምጦ እጁን በሽርጡ ደጋግሞ ጠራረገ።

"የክፍላችን ኃላፊ ቤታችን መጥቶ አይቶት ነበር" አለ በመጨረሻ። "ያን እግር ለማስተማሪያ ፈለገው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሠርቼም ያኔ ገና ቋሚ ሠራተኛ አልነበርኩም። እምቢ ማለት ከበደኝ።"

"እኔን ብትጠይቀኝስ?"

"እሺ አትዪኝም ነበር።"

"ስለዚህ እስክሄድ ጠበቅክ።"

ብልቃጡን መልሶ አነሳ። የሚያጽናናት መስሎት፣ "አልተሠቃየም። ሌላ ሰው አላስነካሁትም፤ መርፌውን ሲወጉት እኔው ነኝ አቅፌ የያዝኩት" አላት።

ከሁሉም ይሄኛው ነው አንጀቷን የቆረጠው። ጓዴ እንግዳ ሰው አያስጠጋም ነበር፤ አባቷን አምኖ ነው ዝም ያለው።

በማግስቱ ለመምህሩ "ያ እግር ታክሟል፤ ያከምኩት እኔ ነኝ" ብላ ነገረችው። እሱም ካርዱ ላይ "ግራ እግሩ ታክሟል" ብሎ ጻፈበት። እሷ ልብሷን ጠቅልላ የተማሪዎች ማደሪያ ገባች። እናቷ ብትለምናት፣ አክስቷ ብትቆጣት ወይ ፍንክች። አባቷ በስተኋላ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ጠብቆ መንገዷ ላይ ቆመባት።

"ልጄ፣ እስከ መቼ ነው?"

አላኮረፈችም፣ ፊቷንም አላዞረችም። እንደማንኛውም ተማሪ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና፣ "ክፍል ረፍዶብኛል፤ ያሳልፉኝ" አለችው።

በሕይወቷ "እርስዎ" ብላው አታውቅም ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ አሳለፋት።