ወተቱን ማን ያቀጥነዋል?

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሰፈርተኛው «ኮምፕሬሰር» ይለኛል፤ ጎማ ስለምነፋ ብቻ ሳይሆን ወሬም ስለምነፋ ነው። አንድ ጊዜ የነፋሁት ጎማ ፈንድቶ ሹፌሩን ከነመቀመጫው ጣሪያ ላይ አስቀመጠው ብዬ ሳወራ ሦስት ሰው አምኖኛል፤ አንዱ ሹፌሩ ራሱ ነበር። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ ወይ ሲደፋ፣ ዓይን ሁሉ መጀመሪያ የሚዞረው ወደ እኔ ነው። አልቀየምም፣ ሥራዬ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ምንም አላደረግኩም ብዬ ብምልም የሚሰማኝ ጠፋ።

ልጃችን ስምንት ወሩ ነው። «ጄኔራሉ» እንለዋለን፤ እሱ ሲያስል ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላላ። ከተወለደ ጀምሮ መዋጥ ያስቸግረዋል። ሰው ሲውጥ ጉሮሮው የሳንባውን በር ይዘጋል አሉን፤ የእሱ በረኛ ግን ያንቀላፋል። ቀጭን ነገር ከጠጣ ሾልኮ ሳንባው ውስጥ ይገባል። አብዛኛውን ወተት የሚያገኘው በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ ነው። በአፉ የተፈቀደለት በቀን ሦስቴ፣ አሥር አሥር ማንኪያ ብቻ ነው፤ እሱም ማወፈሪያ ዱቄት ተበጥብጦበት፣ እንደ ማር እየተጎተተ ሲወርድ። ማንኪያዋን ሲያያት እግሩን እንዴት እንደሚያርገፈግፍ! ብስክሌት ቢሰጡት አገር ለቆ ይሄዳል።

ሁለት ጊዜ ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ የመዋጥ ባለሙያዋ፣ ጫማዋ የማይሰማ ወጣት ሴት፣ ቁርጡን ነገረችን።

«ሐሙስ አየዋለሁ። ደረቱ እንደገና ረጥቦ ካገኘሁት ማንኪያው ይቀራል። ሦስተኛ ጊዜ ከታመመ አቅም የለውም። ሆዱ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ በዚያ ብቻ ይመገባል።»

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ያቺን ማንኪያ ከወሰዱበት ሌላ ምን ደስታ አለው?» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ወተቱን ራሴ በጠበጥኩ። ሙቀቱን ቀመስኩ፣ ልክ ነው። ማንኪያውን መልሼ አማሰልኩና ባለቤቴ ልብሱን እስክትቀይርለት ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ስድስተኛው ማንኪያ ላይ ወተቱ እንደ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ጄኔራሉን ትን አለው፤ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ገልብጠን ጀርባውን መታ መታ ስናደርግ መለስ አለ።

ወዲያው አማቴን ጠረጠርኩ። እማማ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው የሠሩ፣ ሰው ሁሉ ጠመኔ ይሰርቃል ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ፣ «ይሄ ሙጫ ነው እንጂ ወተት ነው? ልጁን ግድግዳ ላይ ልትለጥፉት ነው?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እማማ፣ ወተቱ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው ነበር?»

«እኔ? ስኳሬን በጨው የቀየረው ማን ነው?»

«እሱ እኮ ቀልድ ነው።»

«ይሄም ቀልድህ ከሆነ ወንድ ልጅ አይደለህም!»

ባለቤቴ መሃላችን ገባች። «ሁለታችሁንም አላምንም። ከአሁን በኋላ እኔ ሳልቀምሰው አፉ ላይ አይደርስም።»

«አንቺ ከቀመስሽ እኔም እቀምሳለሁ» አሉ እማማ።

እኔ ልቅር? በመጀመሪያም፣ በመሃልም፣ ስንጠራጠርም እንቀምሳለን። ጉምሩክ እንኳ እንዲህ አይፈትሽም።

ማክሰኞ ወጥመድ አጠመድኩ። የዱቄቱን ቆርቆሮ ሱቄ ወስጄ ቆለፍኩበት፤ ሲበጠበጥ ብቻ ይዤው እመጣለሁ። ኩባያው ላይ ወተቱ በሚደርስበት ልክ በጎማ ጠመኔዬ መስመር አሰመርኩ። ውሃ የጨመረ ሰው ካለ ከመስመሩ ያልፋላ! ሁላችንም ቀምሰን፣ ቆርቆሮውን ሱቅ አስቀምጬ ስመለስ ወተቱ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም፤ ግን ቀጥኗል። ውሃ ሳይነካው የቀጠነ ወተት! በሕይወቴ ካወራኋቸው ውሸቶች ሁሉ የሚበልጠውን ውሸት ኩባያው አወራልኝ።

ረቡዕ ጎማ ውስጥ የምነሰንሰውን ታልክ የሚባል ነጭ ብናኝ ከኩሽናው በር ላይ ነሰነስኩ። ከሰዓት ስገባ የነጠላ ጫማ ዱካ እስከ ጠረጴዛው ሄዶ ተመልሷል።

«ያዝኩዎት እማማ!»

«ምኑን ነው የያዝከው? ያንተን ዱካ ልፈልግ ነው የገባሁት!»

በዚያ ቀን ጄኔራሉ ከማንኪያ በኋላ የሚያሰማው ድምፅ ረጠበ፤ በገለባ ውሃ ውስጥ እንደሚነፋ ሰው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ማናችንም አልቀለድንም። እራት ላይ ሦስታችንም እየተያየን በላን።

ሐሙስ ባለሙያዋ ደረቱን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። «በቀኝ በኩል ጀምሯል» አለች። ከዚያ የሆነውን መናገር ያሳፍራል። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ጣት ተቀሳሰርን። እማማ የጨውና የስኳሩን ጉዳይ አነሱ። እኔ የነጠላ ጫማውን አነሳሁ። ባለቤቴ አለቀሰች።

«እስቲ እንደ ቤታችሁ አዘጋጁልኝ» አለች ባለሙያዋ።

በጠበጥኩ፣ ቀመስኩ። ባለቤቴ ማንኪያውን ነጥቃ ቀመሰች፣ መልሳ አማሰለች። እማማ ተቀብለው ላሱና መለሱት።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው? በዚሁ ማንኪያ?»

«በሌላ ማንኪያማ ምን ማስረጃ ይሆናል?» አሉ እማማ።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። አጠገቡ ሌላ ኩባያ በጠበጠች፤ ያኛውን ማንም አልቀመሰውም። አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለን ሁለቱን ኩባያዎች ጠበቅን፤ እንደዚያ አፍጥጬ የጠበቅኩት የባለቤቴን ምጥ ብቻ ነው። ሁለቱንም አዘነበለቻቸው። ያልተነካው ተጎተተ። የእኛው ሮጠ።

«ይህ ዱቄት ስታርች ነው። ምራቅ ስታርችን ይፈጨዋል። ውሃ የጨመረ ሰው የለም፤ በተጠራጠራችሁ ቁጥር እናንተው አቀጠናችሁት።»



«ማነው የጀመረው?» አሉ እማማ፣ ዓይናቸው ባለቤቴ ላይ ሆኖ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰኞ ጠዋት ሙቀቱን ስቀምስ።»

«ዝም በል! ሚስትህን ለመሸፈን ነው» አሉኝ። እውነት የተናገርኩበትን ቀን ተመልከቱልኝ!

ባለሙያዋ መድኃኒት ጻፈች። ለሁለት ቀን ማንኪያ የሚባል ነገር የለም፤ በቱቦ ብቻ። ከዚያ አሥር ቀን ትሞክረናለች። ሙቀቱ በእጅ አንጓ ላይ ይለካል። ወተቱ በትንንሹ ወደ ሌላ ዕቃ ይቀነሳል፤ የእሱ አፍ የነካው ማንኪያም ወደ ዋናው ኩባያ አይመለስም። ትኩሳት ካለ ወይም ካቃተተ ሳንውል ሳናድር ይዘነው መምጣት ነው። «በአሥር ቀን ደረቱ ካልጠራ ግን ቀዶ ሕክምናው ነው» አለች።

እሁድ ረፋድ ላይ ጀመርን። እማማ አማሰሉ። ማንኪያው በልማድ ወደ አፋቸው ሲነሳ እኔና ባለቤቴ «እማማ!» ብለን ጮህን። ደንግጠው አጠቡት። እኔ የእሳቸውን ከንፈር እጠብቃለሁ፤ ባለቤቴ የእኔን።

ባለቤቴ ስታበላው ስድስተኛው ማንኪያ ላይ አስቆምኳት። ጆሮዬን ጀርባው ላይ ለጠፍኩ።

«ምን ይላል?» አለች ባለቤቴ።

«ደረቅ ነው።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

እማማ በክርናቸው ገፋ አድርገውኝ የራሳቸውን ጆሮ አስጠጉ። ቆዩ፣ ቆዩ። ከዚያ ለልጃቸው ቦታ ለቀቁላት፤ እሷም አዳመጠች። ጄኔራሉ በመዘግየታችን ተናዶ እግሩን አወራጨ።

«ሰባተኛውን ስጪው» አሉ እማማ።