ለአካባቢ ሳይንስ ገዢ ፍለጋ

አቶ ጀላሉ ከወሎ ወረኢሉ ተነሥተው መቐለ ከገቡ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከልብስ ፋብሪካዎች የሚወጣውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በኩንታል ይገዛሉ፤ ሓድነት ሰፈር ባለችው ሱቃቸውም ፍራሽና ትራስ እየሞሉ ይሸጣሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ደንብ አላፈረሱም፤ ተረካቢ መኖሩን ሳያረጋግጡ ለማንኛውም ዕቃ ኪሳቸውን ፈትተው አያውቁም። ስለዚህም ልጃቸው ጁዋይሪያ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት ጨርሳ የአካባቢ ሳይንስ መማር እንደምትፈልግ በነገረቻቸው ጊዜ፣ ያነሡት ጥያቄ ከልማዳቸው የወጣ አልነበረም።

"ገዢው ማን ነው?"

"የምን ገዢ፣ አባ?"

"የዲግሪው።"

ጁዋይሪያ ሳቀች፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። የሒሳብ ሠራተኛን የሚፈልግ በየደጁ አለ፤ መድኃኒት ቀማሚም ቢሆን በሽተኛ አያጣም። ስለ አየርና ስለ ውኃ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን ለማን ይሸጣል? ወጪው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ለሦስት ዓመት የታክሲ፣ የኮምፒውተር፣ የመስክ ጉዞ ወጪ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ሱቁ ያለ እርሷ መዋሉ ነው፤ ከደንበኛ ጋር በትግርኛ ተከራክራ ዋጋ የምታስከብረው እርሷ ናትና።

"እስከ ዓርብ የትምህርት ክፍል ምርጫዬን መሙላት አለብኝ" አለች ጁዋይሪያ። "ያለ እርስዎ ዱዓ ግን እጄ አይነሣም። ካልሞላሁ ደግሞ ሌላው መርጦ የተወው ክፍል ይደርሰኛል።"

አቶ ጀላሉ ገበያ ሲጨልምባቸው የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ደላላ አስጠሩ። ሓድጉ ይባላል፤ ሮማናት አደባባይ ላይ ቆሞ ቤት ያከራያል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ሠራተኛና አሠሪ ያገናኛል። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

"ጀላሉ ሓወይ፣ ዕቃው እጅህ ገብቷል?"

"ከሦስት ዓመት በኋላ ይገባል።"

"ግድ የለም፤ መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት ሸጬ አውቃለሁ።"

"ቤቱስ ተሠራ?"

"እሱን ተወው።"

በማግስቱ ሓድጉ ገዢ ማግኘቱን አበሠረ፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሄዱ። የአንዱ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ለተመድህን፣ አቶ ጀላሉን በቁርጥራጭ ደንበኝነታቸው ታውቃቸዋለችና አክብራ አስቀመጠቻቸው። ሓድጉ እንደ ወጉ ሸቀጡን ማሞገስ ጀመረ።

"ልጅቱ ጨዋ ናት። ሥራ አትመርጥም። በአካባቢ ሳይንስ ደግሞ አቻ የላትም።"

"እሰየው። ዲግሪዋን ልየው።"

"እሱ ገና አልታተመም።"

"መቼ ነው የሚታተመው?"

ሓድጉ ጣሪያውን አየ። አቶ ጀላሉ ለገበያ ሲባልም ቢሆን መዋሸት አይሆንላቸውም፤ "ከሦስት ዓመት በኋላ" አሉ።

ለተመድህን ብዕሯን አስቀምጣ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያም ረጋ ብላ፣ "ኣቦይ ጀላሉ፣ እውነቱን ልንገርዎ? የዚህ ሙያ የወር ደመወዝ እርስዎ ገበያ በቀናዎት ሳምንት ከፍራሽ የሚያተርፉትን አያህልም። የሚቀጠረውም በየፋብሪካው አንድ ሰው ቢሆን ነው፤ ጦርነቱ ከዘጋቸው ገና ያልተከፈቱም አሉ። ተመርቆ የሚጠብቀው ግን ብዙ ነው" አለቻቸው።

"እንግዲያው ሒሳቡ አለቀ" አሉና አቶ ጀላሉ ተነሡ።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና አንድ ሙሉ ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰው አንገቱን አስገባ።

"ዛሬም አልፈረመችም?"

"አልፈረመችም" አለች ለተመድህን። "ከማጠቢያው የሚወጣው ውኃ ገና አልጠራም ብላለች።"

ሰውየው ተመልሶ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። አቶ ጀላሉም ተመልሰው ተቀመጡ።

"ማን ነው?"

"ሥራ አስኪያጃችን።"

"ማንን ይጠብቃል?"

"የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋን። እሷ ካልፈረመች ውኃው ከግቢ አይወጣም፤ ማጠቢያውም እንደ ቆመ ነው።"

"ስንት ቀን ጠበቀ?"

"ዛሬ ሦስተኛው ነው።"

"አልተቆጣትም?"

"በመጀመሪያው ቀን ሞክሮ ነበር።"

አቶ ጀላሉ በዕድሜያቸው ብዙ ፊርማ ደጅ ጠንተዋል፤ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር፣ አንዲት ኩንታል ጨርቅ ከግቢ ለማስወጣት እንኳ የአራት ሰው ፊርማ። ሥራ አስኪያጅ ግን እንደ እርሳቸው እግሩን አጥፎ ሲጠብቅ አይተው አያውቁም። በመመለሻው ታክሲ ውስጥ ደመወዙን በአንድ ወገን፣ ያንን አግዳሚ ወንበር በሌላ ወገን እያስቀመጡ ሲመዝኑ፣ ወንበሩ ሚዛን ይደፋባቸው ጀመር።

"ኮሚሽኔስ?" አለ ሓድጉ።

"የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ና።"

"ያኔ አርጅቼ የለ?"

"አሁንስ?"

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አቶ ጀላሉ ጁዋይሪያን ከፍራሾቹ መካከል አስቀመጧት፤ ባለቤታቸው ሳሊሃም በሩ ላይ ቆመች። እጃቸውን ዘረጉ።

"አላህ ዕውቀቱን ይግለጥልሽ።"

"አሚን።"

"ፊርማሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ደጅ የሚጠናው ሰው አይጣ።"

"አሚን።"

"ደመወዝሽንም እንደ ፊርማሽ ያክብደው።"

"አሚን፣ አሚን።"

"ቅዳሜና እሑድ ሱቅ የምትውይ ያድርግሽ።"

ጁዋይሪያ ቀና ብላ አየቻቸው። የአባቷ እጅ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

"አሚን በይ እንጂ።"

"ቅዳሜ የመስክ ሥራ አለብን፣ አባ። እሑድን ብቻ ያድርጉት።"

"እሑድን ፀሐይ እስክትገባ፣ እስከ መግሪብ።"

"እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ብቻ።"

"ዱዓ ነው ወይስ ድርድር?" አለች ሳሊሃ።

አቶ ጀላሉ ሚስታቸውን ገልመጥ አድርገው እጃቸውን አስተካከሉ። "እሑድን፣ ከቀትር በኋላ እስካለው የዐስር ሶላት።"

"አሚን" አለች ጁዋይሪያ፤ ስልኳንም አውጥታ ምርጫዋን መሙላት ጀመረች።