የበርሜሉ ቅርፊት

አያትየዋ የሚነድ ነገር ሲጣል ማየት ሞቷ ነው። መንገድ ላይ የወደቀች ስንጥር እንኳን አታልፋትም። ስለዚህ ምራቷ ከበርሜሉ አውጥታ ጆንያ ውስጥ ያሰረችውን ጥቁር የለውዝ ቅርፊት ጓሮ ስታገኝ፣ «ፈጣሪ ከሰል ላከልኝ» አለች።

በርሜሉ የውሃ ማጣሪያ ነው። ጉድጓዳቸውን አሮጌ ባትሪ ከሚቀልጥበት ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው፤ በክረምቱ የምራቲቱ ሕፃን ደም ሲመረመር መርዛማው የባትሪ እርሳስ ተገኘበት። ከዚያ ወዲህ እናቱ ውሃውን ከስሎ በደቀቀ የለውዝ ቅርፊት እያጣራች ነው የምታጠጣው።

ዛሬ ምራቲቱ ከጓሮ እየሮጠች ገባች።

«እማዬ፣ ጆንያው የት ሄደ?»

«ያ ከሰል? ነዶ አለቀ። ምን ያስሮጥሻል፣ ጅብ አየሽ?»

«የት ነደደ?»

«ምድጃ ላይ ነዋ! አናቴ ላይ ላንድደው?»

ምራቲቱ አልሳቀችም።

«ቅርፊቱ እኮ እርሳሱን አያጠፋውም፤ ይዞ ያስቀረዋል እንጂ። ጆንያው ውስጥ የነበረው ከልጄ አፍ ያስጣልነው መርዝ ነው። እሳትም አይጨርሰውም! አመዱንስ የት ደፉት?»

አያትየዋ ወደ መደርደሪያው ዞረች። እሷ አመድ አትደፋም። ዕቃ ትፈትግበታለች፤ ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ የልጁን የቆርቆሮ ኩባያ። ኩባያው መደርደሪያው ላይ እንደ መስታወት ያበራል። ጠዋት ሕፃኑን አዝላ፣ ጭሱ መሀል ሆና ነበር የፈተገችው። ከዚያም ወተት አጠጣችበት።

ኩባያውን አውርዳ ለምራቷ አሳየቻት።

«በአመዱ ፈትጌ ለቅለቅ አድርጌዋለሁ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«በየትኛው ውሃ?»

የተጣራው እንዳይባክን ብላ በጉድጓዱ ውሃ ነበር። ዓይኗ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ምራቲቱ ሕፃኑን አፈፍ አደረገችው።

ጤና ጣቢያ ይዘውት ሮጡ። ነርሷ ደም ቀድታ፣ ውጤቱ ነገ ነው አለቻቸው። ቤት ሲመለሱ አያትየዋ ኩባያውንም፣ ድስቱንም፣ የተረፈውን አመድም በገዛ እጇ ጆንያ ውስጥ ከታ አሰረች። ዕቃ ስትጥል ያያት ሰው የለም እስከዛሬ።

ሕፃኑ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋላት። እጇን በሳሙና ደጋግማ ፈትጋዋለች፤ ጥፍሯ ሥር ግን አሁንም ጥቁር ነገር አለ። እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ይያዙት እንጂ እማዬ፣ እያለቀሰ እኮ ነው።»

«ነገ» አለች። «መጀመሪያ የነገውን ልስማ።»

ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ እጇን እንደደበቀች እሹሩሩ ትለው ጀመር።