የጉማሬው ድምፅ

ጽንዓት ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አገጯን ወደ ደረቷ ሳብ፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ ማይክራፎኑ ላይ፣ "እንግዲህ ወገኖቼ፣ ደንብ አያለቅስም" አለች። ስክሪኑ ላይ አንድ ቦርጫም ጉማሬ ኩሬ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ውሃ ጥም ያንገላታቸውን እንስሳት ወደመጡበት ይመልሳቸው ነበር።

ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ጀይላን ሳቁ አመለጠውና ቀረጻውን አቋረጠ። የስቱዲዮው ባለቤት እሱ ነው። ስቱዲዮ ይባል እንጂ አብነት ውስጥ ከአንድ የብረት በር መሥሪያ ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋ በፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ናት፤ ከጎን ብየዳ ሲጀመር ቀረጻው ይቆማል። ሁለቱ እዚያ የውጭ አኒሜሽን ፊልሞችን ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ጥንቸሏም፣ አንበሳውም፣ የምታለቅሰው ጎሽም ጽንዓት ናት። የዚህ ሥራ ወግ ደግሞ ቃል በቃል መተርጎም አይደለም። ተርጓሚ ለእንስሳቱ የሰፈር ስም ያወጣላቸዋል፣ የሰፈር ወሬ ያናግራቸዋል፤ ልጆቹም ከሥዕሉ ይልቅ የሚወዱት ይህንኑ ነው።

"ጋሽ ፍሰሐን ነው አይደል የሠራሻቸው?" አላት ጀይላን። እሱም እንደ እሷ የጌጃ ሰፈር ልጅ ነው። "ይሄ እኮ የልጆች ፊልም ነው። ልጅ ደግሞ ምስጢር አይዝም።"

"ለዚህ አይደል እንዴ የመረጥኩት" አለችው።

ጀይላን ምክንያቱን ስለሚያውቅ አልተከራከራትም። አምና በክረምት አባቷ አቶ ሃብተኣብ ሞቱ። ዕድሜ ልካቸውን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ዋሉ። በእድሩ ደንብ ቀብር ላይ ሳይገኝ የሚቀር አባል ምክንያቱን ለኮሚቴው ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ ይሰረዛል። እናቷ ወይዘሮ ወለተሃና አላሳወቁም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ጎረቤት ሁሉ ፍራፍሬ ይዞ የጠየቀውን በሽተኛ እንደገና ለኮሚቴ መናገር ያስፈልጋል ብለው አላሰቡም። ስማቸው ተሰርዞ ስለነበር በሞቱ ዕለት ጥሩንባ አልተነፋም፣ የእድሩ ድንኳንም አልተተከለም። ጽንዓትና እናቷ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ፍሰሐ ቤት ሄደው ሲለምኑ፣ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እህቴ፣ እኔም አዝናለሁ፤ ግን ደንብ አያለቅስም" አሉ። ለቀስተኛው ጎረቤት ባዋጣው ላስቲክ ሥር ተቀመጠ። ዝናቡ ላስቲኩ ላይ ተጠራቅሞ እናቷ ላይ ተዘረገፈ፤ ጽንዓት በነጠላዋ እያደረቀቻቸው የሰውዬውን ድምፅ በልቧ ትደጋግመው ነበር። የሰው ድምፅ መያዝ ሥራዋ ነው፣ አንድም ቃል አልጠፋባትም።

ጉማሬው መጀመሪያ በደረሳት ጊዜ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችውና ተናደደች። መጨረሻው ላይ ኩሬው ይደርቅበታል። ሌሎቹ እንስሳት ግን ሌላ ምንጭ አግኝተው ነበርና ተመልሰው ይመጣሉ፤ ጭቃ ውስጥ የተጣበቀውን ጉማሬ በገመድ ስበው አውጥተው ወደ ምንጫቸው ይወስዱታል፣ አብሯቸው ይጠጣል። ጽንዓት ይህ እንዲቆረጥ ጠየቀች። ጀይላን እምቢ አለ። ገዢ የጎደለ ፊልም አይወድም፣ ሥዕሉ ላይ እንስሳቱ እያቀፉት አንቺ ብትሰድቢው ደግሞ ማንን ታሞኛለሽ አላት። ትዕይንቱን ጥርሷን ነክሳ ተረጎመችው፤ የጉማሬውን የምስጋና ንግግርም በዚያው ድምፅ ሠራችው። ሥራ ነውና በደንብ ሠራችው።

ፊልሙ እንደወጣ የሰፈሩ ወጣቶች መጡ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ልጆቹ በዝናቡ ቤት ውስጥ ታፍነዋል፤ እሑድ ከሰዓት አዲሱን ፊልም ብናሳያቸውስ ብለው ጠየቋት። ፕሮጀክተር ተገኝቷል፣ ቦታም አለ አሏት። ቦታው የእድሩ ድንኳን ነበር። ጋሽ ፍሰሐ፣ ለልጆች ከሆነማ ምን ችግር አለ ብለው ራሳቸው ፈቅደዋል። ጽንዓት ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ጋለ። ለአባቷ አስከሬን ከመጋዘን አልወጣ ያለ ሸራ ለካርቱን ሊወጣ ነው። እሺ አለች።

ለእናቷ ስትነግራቸው ወይዘሮ ወለተሃና የሚለቅሙትን ምስር አላቆሙም።

"እኔ እዚያ ድንኳን ሥር አልቀመጥም" አሉ። ጠጠር እያወጡ ደግሞ፣ "አንቺም ተይው ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። እንቅልፍ የሚያጣው የያዘው ሰው ነው።"

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚልም አለ እማዬ" ብላ ወጣች።

ድንኳኑ የኮብልስቶኑ መንገድ በሚሰፋበት ቦታ ላይ ተተክሏል። ሸራው ወፍራም ስለሆነ በቀን ብርሃንም ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ልጆቹ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ከኋላ በእድሩ ወንበሮች ተቀመጡ። ጋሽ ፍሰሐ ኮታቸውን ለብሰው ከወንበሮቹ መጀመሪያ ረድፍ መሐል ላይ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ደላዊት ከእግራቸው ሥር ተቀምጣለች። ጽንዓት በሩ አጠገብ ያለ ወንበር መረጠች። ከዚያ የሚታያት የሰውዬው ማጅራት ነው።

ጉማሬው ብቅ ሲል ልጆቹ በመልኩ ሳቁ። ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ሲጠርግ ግን የሳቀው ከኋላ ያለው ሰው ነበር። "ደንብ አያለቅስም" ሲል አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ሌላው ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰመ። ሳቁ ከወንበር ወንበር ሄደ። ጋሽ ፍሰሐም ሳቁ። ሰው የራሱን ድምፅ አያውቀውም፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና ጎናቸው ላለው ሰው፣ "ይሄ ጉማሬ ግን እውነቱን እኮ ነው፤ ሁሉም ዘሎ ከገባበት ውሃው ይደፈርሳል" አሉ። ጎናቸው ያለው ሰው መሬት መሬት አየ። ጽንዓት ተናደደች። ይህን ሁሉ ደክማ ጥፊው ጋሽ ፍሰሐን ሳይሰማቸው ሊቀር ነው።

ደላዊት ግን ዞር ብላ፣ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው በዚያ በቀጭን ድምፅዋ፣ "አባባ፣ ጉማሬው እንዳንተ ነው የሚያወራው" አለች።

ሳቁ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ጉማሬው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ፍሰሐ ሊናገሩ ፈልገው፣ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ከጀመሩ በኋላ መሐል ላይ ተዉት። ማጅራታቸው ቀስ እያለ ኮታቸው ውስጥ ገባ። ጽንዓት ደስ አላት። ደስታው ከጠበቀችው በላይ ጣፋጭ ነበር፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ደረቷ ተከፍቶ አልተነፈሰችም። ጎሽዋ ለጥጃዋ ውሃ ስትለምን፣ ጉማሬው ፊቱን ሲያዞርባት፣ አንዳንዱ ለቀስተኛ የነበረ ሰው ወደ ጽንዓት ዘወር እያለ ያይ ጀመር። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

ኩሬው መጉደል ሲጀምር መብራት ሄደ።

ልጆቹ ተንጫጩ። ከወጣቶቹ አንዱ ጄኔሬተር ፍለጋ ሮጠ፣ ትልልቆቹ ስልካቸውን አወጡ። በዚያ ግርግር ጋሽ ፍሰሐ ተነስተው በወንበሮቹ መሐል መጡና ጽንዓት አጠገብ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጨለማውን ስክሪን ያያሉ።

"የኔ ድምፅ ነው" አሉ።

"አዎ፣ የእርስዎ ነው።"

"ጉሮሮዬን እንኳ አላስቀረሽም።" ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ የተቆጡም አይመስሉም። "ያን ዕለት የወሰንኩት ብቻዬን አይደለም። ኮሚቴ ነው።"

"እናቴ ፊት ያሉት ግን እርስዎ ነዎት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንቡ የተጻፈው እሳቸው ከመመረጣቸው በፊት መሆኑን፣ ለአንዱ ቢላላ ሌላው ይከተላል ብለው መፍራታቸውን ነገሯት። ከዚያ ወዲህ በአቶ ሃብተኣብ በር ማለፍ ትተው በላይኛው መንገድ እንደሚዞሩም ነገሯት። ጽንዓት ይህን አልጠበቀችም ነበር። ቢሆንም የላይኛውን መንገድ የዞረ እግር አባቷን አልቀበረም።

"ልጄ፣ መጨረሻው ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ፍሰሐ። "ጉማሬው ምን ይሆናል?"

ቀና ብላ አየቻቸው። ሰውዬው የምር ነው የጠየቁት። ሽማግሌ ናቸው፤ የታችኛው ከንፈራቸው እንደ ልጅ ተንጠልጥሏል። መልሱ እሷ ጋ ነው፤ በራሷ አፍ፣ በእሳቸው ድምፅ ሠርታዋለች።

"ኩሬው ይደርቅበታል" አለች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ማንም አይመጣም።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን።"

ጋሽ ፍሰሐ "ደግ" አሉ፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሱና የበሩን መጋረጃ ገልጠው ወጡ። ጽንዓት ውሸት መሆኑን ታውቃለች፣ መጥፎ ነገር ማድረጓንም ታውቃለች፤ ቢሆንም ቃሏን የመመለስ ፍላጎት አልነበራትም።

መብራት መጣ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ፣ ፕሮጀክተሩ ተነሳ፤ ጎሽዋ ጥጃዋን አስከትላ፣ ገመድ በአፏ ይዛ ወደ ደረቀው ኩሬ ስትመለስ ታየች። ደላዊት ባዶውን ወንበር አይታ ወደ በሩ ሮጠች።

"አባባ የታለ? ጉማሬውን ሊያወጡት ነው እኮ! ልጥራው?"

ጽንዓት በተገለጠው መጋረጃ ወደ ውጭ አየች። ጋሽ ፍሰሐ ሩቅ አልሄዱም። ካፊያው ውስጥ፣ ከድንኳኑ ገመድ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ወደ ቤታቸው በአቶ ሃብተኣብ በር በሚያልፈው በታችኛው መንገድ ይሂዱ ወይስ በላይኛው የቸገራቸው ይመስላሉ። ድምፅ ከፍ ሳይደረግ ቢጠሩ ይሰማሉ። ከኋላዋ ልጆቹ ብርሃን ገባ፣ ሥዕሉ አልታይ አለን እያሉ ይጮኹባት ጀመር።

"ተያቸው፤ ደክሟቸዋል" አለቻት ልጅቷን። እጇን ይዛ ወደ ውስጥ መለሰቻትና መጋረጃውን አወረደችው።