የጀላል ድንጋይ

የወፍጮው ሞተር አቃሰተና ቀጥ አለ። ቺንጋው ከመዘውሩ ወልቆ ሲወድቅ ወረፋ የያዘው ሰው ተንጫጫ።

ባለወፍጮዋ ሀሚዳ መጥረጊያ ያነሳችውን ሴት እጅ ያዘች። «እንዳትነኪ! ምንም እንዳይጠረግ!»

«ወፍጮሽ ጾም ገባ እንዴ?» አሉ ጋሽ አለኸኝ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ነገ ይሄዳል፤ የሚያስፈጩት የበሶ ስንቁን ነበር።

«ይቆዩኝ ጋሼ፤ ወፍጮው ቃሉን ይስጥ።»

ይህ የሟች ባሏ የጀላል ሕግ ነው። አንድ ሞተር ሁለት ድንጋይ ያዞራል፤ በቆመ ጊዜ በየድንጋዩ አፍ የቀረው ዱቄት ሳይቀላቀል በየሰፌዱ ይወጣል። ጥፋተኛውን ድንጋይ የሚለየው ያ ዱቄት ነው። «የቆመ ወፍጮ ቃሉን ሳይሰጥ አይጠረግም» ይል ነበር ጀላል፣ ጢሙ በዱቄት ነጥቶ። ሳቁ ከሞተሩ በላይ ይሰማ ነበር። ወይ ያ ዘመን! የወረታ ከተማ ሁሉ በሳቁ የሚነቃ ይመስላት ነበር።

የግራውን ድንጋይ በተጋቡ ዓመት ከይፋግ ማዶ ራሱ ፈልጦ አምጥቶታል። ክረምት በመጣ ቁጥር እያንጎራጎረ ይወቅረው ነበር። ከሞተ ወዲህ ወንድሙ መሐመድአወል «አርጅቷል፣ እንቀይረው» ባለ ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ «እኔ ሳልሞት አይነካም!»

የቀኙን ዱቄት በሰፌድ አወጣች። የላመ፣ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የግራው፣ የጀላል ድንጋይ ሊሆን ነው። የግራውን አወጣችና ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ጥርሷ ላይ ተንኮሻኮሸ። ከዱቄቱ መሐል የድንጋይ ስባሪ ብቅ አለ።

መሐመድአወል ናፍጣ ሊለምን ቀበሌ ሄዷል፤ አልተመለሰም። ሁለቱን ሰፌዶች ብታደባልቃቸው የትኛው ድንጋይ እንደተሰበረ ማን ያውቃል? እጇ ሰፌዱን ዘንበል አደረገ።

«እቴ ሀሚዳ፣» አሉ ጋሽ አለኸኝ ከበሩ፣ «ማነው ጥፋተኛው? ልጄ የሚበላው ነው እኮ።»

እጇ ቆመ። ጀላል ቢሆን ምን እንደሚል ታውቃለች፤ ማወቋ ነው ያስለቀሳት።

መሐመድአወል ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ሲገባ ሁለቱ ሰፌዶች ለየብቻ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ድንጋዩን አውርደው» አለችው።

«የትኛውን?»

«የወንድምህን። የጋሽ አለኸኝን ያልተፈጨ ገብስ ባለችን ናፍጣ በቀኙ እንፈጫለን፤ የተበላሸውን ከእኔ ጎተራ እሞላለሁ።»

ከዚያ መጥረጊያውን ራሷ አነሳች።