የሱቁ ጓጉንቸር

ልብስ ሰፊዋ ፍርድ ቤት አጠገብ ካለው ነፃ የሕግ ምክር ቢሮ ጮቤ እየረገጠች ተመለሰች። አከራይዋ ውሏ ሳያልቅ ልቀቂ ብሎ፣ እምቢ ስትለው ጠዋት ሱቋ ላይ አዲስ ጓጉንቸር አንጠልጥሎ ነበር። አሁንም ሰውዬው ራሱ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ተገትሯል።

«ጋሼ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከራይ ላይ መዝጋት አይችሉም! ሕግ ነው! ጠበቃዋ ነገረችኝ!»

«ቤቱ የኔ ነው። ከፈለግሽ ክሰሺኝ!»

ይሄኔ ሚስቱ እያለከለከች ደረሰች። «አንተ ሰውዬ አብደሃል? ነገ የምትዳረው ልጅህ ቬሎ እኮ እዚህ ውስጥ ነው!»

አከራዩ ላብ በላብ ሆኖ ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ምን አስቸኮለዎት ጋሼ? ትእዛዙ እስኪመጣ እንጠብቅ እንጂ!»